ውሃ በር የለውም፦ ካያክ፣ ማንግሮቭና የቲኬቱ ገንዘብ በኬንያ ባሕር ዳር

ጭቃው እስከ ጉልበቴ ውጦኛል። ካያኩ፣ ያ ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ፣ አጠገቤ በጎኑ ተጋድሟል። መቅዘፊያው እጄ ላይ ነው። ከግማሽ ሰዓት በፊት ስንቀዝፍበት የነበረው ውሃ ግን የለም። ሄዷል።

ጥፋቱ የኔው ነው። አስጎብኚው «እንመለስ፣ ባሕሩ ሊሸሽ ነው» ብሎ ሁለት ጊዜ ነግሮኛል። እኔ ደግሞ አንድ ፎቶ፣ ደግሞ አንድ ወፍ፣ ደግሞ አንድ ፎቶ እያልኩ አዘገየሁት። አልተቆጣም። ከካያኩ ወርዶ፣ ጭቃው ላይ እንደ አስፋልት እየተራመደ፣ የኔንም የሱንም ጀልባ በገመድ አስሮ መጎተት ጀመረ። እኔ አንድ እግሬን ሳወጣ ሌላው ይሰምጣል። አንድ እጃቸው ከሰውነታቸው የገዘፈ ትንንሽ ሸርጣኖች ከየጉድጓዳቸው አፍ ላይ ቆመው ያንን እጅ ያወዛውዛሉ። ለሴቷ ሸርጣን የሚላክ ጥሪ ነው ይላሉ የሚያውቁት። በዚያች ሰዓት ግን እኔ ላይ የሚስቁ ነው የመሰለኝ።

እዚያው ጭቃ ውስጥ እያለን ነው የከፈልኩት ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ የጠየቅኩት። ጨዋታ ለመፍጠር ያህል ነበር። ሰውየው ግን በጣቱ እየቆጠረ መለሰልኝ። ይኼን ያህሉ ለሱ፣ ይኼን ያህሉ ለማኅበሩ፣ ከማኅበሩ ደግሞ ለምንና ለምን እንደሚውል። አላሰበበትም። ልክ የቤት ኪራዩን እንደሚናገር ሰው ነው የነገረኝ።

ቦታው ሚዳ ክሪክ ይባላል። ከሞምባሳ ወደ ሰሜን፣ በማሊንዲ መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በመኪና ከሄዳችሁ ዋታሙ የምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ አለች። ከከተማዋ ጀርባ የሕንድ ውቅያኖስ በጠባብ አፍ ወደ የብስ ይገባና ሰፋ ብሎ ይተኛል። ክሪኩ እሱ ነው። ዙሪያውን ማንግሮቭ ከቦታል። ከዋናው አስፋልት ማዶ ደግሞ የአራቡኮ ሶኮኬ ደን ይጀምራል። 420 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ባሕር ዳር ከቀሩት ደረቅ ደኖች ትልቁ። በአንድ ቀን ደኑ ውስጥ በእግር፣ ውሃው ላይ በካያክ መሄድ ይቻላል። እንዲህ ተቀራርበው የሚገኙበት ቦታ ብዙ የለም።

አካባቢው ለረጅም ዘመን የጣሊያኖች መዝናኛ ነበር። ዛሬም ነው። ሕፃናቱ «ቻው» እያሉ ይሸኙሃል። እኔም «ቻው» ብዬ መለስኩ። እነሱ ከቱሪስት፣ እኛ ከወራሪ የወረስናት ቃል እዚህ ተገናኘች።

ማንግሮቭ ለኛ እንግዳ ዛፍ ነው። ባሕር የለን፣ ከየት እናውቀዋለን። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ነው። አንዱ ዓይነት ሥሩን ከግንዱ እንደ ሸረሪት እግር ዘርግቶ ጭቃው ላይ ይቆማል። ከቅርንጫፉ እንደ ጩቤ የረዘመ አረንጓዴ ነገር ይንጠለጠላል። ፍሬ ይመስላል፤ ነገር ግን እናቱ ላይ እንዳለ የበቀለ ችግኝ ነው። ሲደርስ ይወድቃል። ባሕሩ ከሸሸ እንደ ጦር ጭቃው ላይ ይተከላል፤ ባሕሩ ከሞላ ተንሳፎ ሌላ አገር ይፈልጋል። ሌላው ዓይነት ደግሞ ሥሩን ከጭቃው ወደ ላይ እንደ እርሳስ ያቆማል፤ በሱ ነው የሚተነፍሰው። አስጎብኚው ከዚህኛው አንድ ቅጠል ቀጠፈና «ላሰው» አለኝ። ላስኩት። ጨው ነው። ዛፉ በሥሩ የሳበውን ጨው በቅጠሉ ያልበዋል።

ጭቃው የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ውስጡ አየር ስለሌለ ነው። በዚያው ምክንያት የወደቀው ቅጠልና የሞተው ሥር ቶሎ አይበሰብስም፤ የያዘውን ካርቦን ይዞ ለብዙ ዘመን እዚያው ይቀመጣል። ይህ ሽታ ኋላ ላይ ወደ ገንዘብ ይቀየራል። እመለስበታለሁ።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልበል። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው። ጠዋት «ሳ ታቱ» ካሉህ ሦስት ሰዓት ማለታቸው ነው፤ ፈረንጁ ዘጠኝ የሚለው። ሐበሻ ያለ ምንም ስሌት ቀጠሮ የሚይዝበት የባዕድ አገር ብዙ አይደለም። እዚህ ግን ባሕሩ የራሱ ሰዓት አለው። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ በየቀኑም ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትጠፋ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ከፍታ አራት ሜትር ሊጠጋ ይችላል። የካያክ ጉዞ የሚሸጠው በዚህ ሰዓት ነው። «ነገ በስንት ሰዓት?» ብለህ ስትጠይቅ አስጎብኚው ስልኩን አውጥቶ የባሕሩን ሰንጠረዥ ያያል።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

«ኢኮ ቱሪዝም» (ተፈጥሮን የማይጎዳ ጉብኝት) የሚለው ቃል ረክሷል። ጣሪያው ሣር የሆነ ሆቴል ሁሉ ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠራል። ክርክሩም አንድ ዓይነት ሆኗል። ደጋፊው «ተፈጥሮ ገንዘብ ካስገኘ ሕዝቡ ይጠብቀዋል» ይላል። ተቺው «የምን ገንዘብ? ሳንቲም ነው» ይላል። ሁለቱም የሚጨቃጨቁት ስለ መጠኑ ነው። እኔ ግን ኬንያ ባሕር ዳር ያየሁት ሌላ ነገር ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፤ እውነት ነው። ለውጥ የሚያመጣው ግን ተቀባዩ መታወቁ ይመስለኛል። መንደሩ ውስጥ ያለው ሰው «ይህ ዛፍ ከተቆረጠ የእገሌ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ይቀራል» ብሎ በስም መናገር ሲችል፣ ዛፉ ባለቤት አገኘ ማለት ነው። ገንዘቡ መቶ እጥፍ ሆኖ የት እንደሚገባ ካልታወቀ፣ ዛፉ ባለቤት የለውም።

ሚዳ ክሪክ ላይ አንድ የሳንቃ መንገድ አለ። በማንግሮቩ መሐል በገመድ ተንጠልጥሎ ከ200 ሜትር በላይ ይሄዳል። ስትራመድበት ይወዛወዛል፤ ከፍታ የሚፈራ ሰው ሁለት እጁን ገመዱ ላይ አድርጎ ዳዴ ይላል። ጫፉ ላይ የወፍ ማያ ጎጆ አለ። መግቢያው ላይ ትኬት ይቆረጣል። ገንዘቡ ከ2001 ጀምሮ በሚሠራ ፕሮግራም በኩል በደኑና በክሪኩ ዙሪያ ላሉ ልጆች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ክፍያ ይውላል። ፕሮግራሙን የሚመራው አ ሮቻ ኬንያ የሚባል የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ነው። ብዙ ገንዘብ አይደለም። ግን ከበሩ እስከ ልጁ ደብተር ያለው መንገድ አጭር ነው። ማንም ሊከተለው ይችላል። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከዚያው ክሪክ ዳር ዳባሶ በሚባል መንደር የአካባቢው ሰዎች ማኅበር ምግብ ቤት አለው። እዚያም በማንግሮቩ መሐል በእንጨት መንገድ ነው የሚገባው። የሸርጣን ሳምቡሳ ይሸጣሉ። በጾም የሄደ ሰው ይቸገራል እንጂ፣ ላልጾመ ሰው ፀሐይ ስትጠልቅ እዚያ ተቀምጦ ያንን ሳምቡሳ መብላት ትንሽ ነገር አይደለም። ከሞምባሳ ደቡብ ደግሞ ጋዚ የሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለ። የጋዚ ሴቶች በማኅበር ሆነው የሚያስተዳድሩት የሳንቃ መንገድ አላቸው። ጎብኚ ይዘው ይገባሉ፣ ዛፉን ያስረዳሉ፣ ምግብ አብስለው ይሸጣሉ።

ከአራቡኮ ሶኮኬ የሚበልጥ ምሳሌ ግን የለም። ደኑ ውስጥ በእግር ስትሄድ የምትፈልገው ዝሆኑን ወይም ጎሹን አይደለም። እነሱ አሉ፤ ለዚህም ነው ያለ አስጎብኚ መግባት የማይመከረው። የምትፈልገው አንዲት አይጥ መሳይ ፍጥረት ናት። አፍንጫዋ እንደ ኩምቢ የረዘመ፣ እግሯ የቀጠነ፣ ከኋላዋ ወርቅ የተቀባች የምትመስል። ከዚህ ደንና ከዙሪያው ካሉ ጥቂት ቁጥቋጦዎች በስተቀር የትም የለችም። እኔ ያየሁት ኋላዋን ብቻ ነው፤ ቢጫ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። ከዚያም ቁመቷ ከመዳፍ ብዙ የማትበልጥ ጉጉት አለች። ቀን ቀን ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቃ ትተኛለች፤ አስጎብኚዎቹ የምትተኛበትን ያውቃሉ።

የደኑ ዙሪያ ገበሬ ከዚህ ሁሉ ምን ያገኛል? በቆሎው በዝንጀሮ ይበላል። ማገዶ መልቀም ይከለከላል። ወርቃማ አይጥ አያበላም። በ1993 የተጀመረ አንድ ፕሮጀክት ይህን ጥያቄ በቢራቢሮ መለሰው። ኪፔፔዮ ይባላል፤ በስዋሂሊ ቢራቢሮ ማለት ነው። ገበሬዎቹ ከደኑ ዳር እናት ቢራቢሮ ይይዛሉ፣ በቤታቸው እንቁላል ያስጥላሉ፣ አባጨጓሬውን በደኑ ቅጠል ይመግባሉ። ሙሽሬው (አባጨጓሬው ቢራቢሮ ከመሆኑ በፊት ያለው ሽፍን) በጥጥ ተጠቅልሎ በአውሮፕላን ወደ ውጭ አገር የቢራቢሮ ማሳያዎች ይላካል። የገበሬው አባጨጓሬ የሚበላው ቅጠል የደኑ ነው። ደኑ ከሌለ ቢራቢሮ የለም፣ ቢራቢሮ ከሌለ ገቢ የለም። ይህን ለማስረዳት አውደ ጥናት አያስፈልግም። አጠገቡ ያለው ጥንታዊው የጌዲ ፍርስራሽ በ2024 የዩኔስኮ ቅርስ ሆኗል፤ ኪፔፔዮም እዚያው ግቢ ነው ያለው። ፍርስራሹን ሊያይ የመጣ ሰው ቢራቢሮውንም ሳያይ አይሄድም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መንገድና ስለ ደን ነው። ካያክ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል።

የሳንቃ መንገድ በር አለው። በሩ ላይ ሰው ይቀመጣል፣ ትኬት ይቆርጣል፣ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ውሃ በር የለውም። ካያክ ቀላል ነው፤ በመኪና ጣሪያ ላይ ታስሮ ይመጣል፣ ከየትኛውም ዳር ይገባል። ሆቴሉ አምስት ካያክ ገዝቶ የራሱን እንግዳ ይዞ ቢገባ የመንደሩ ማኅበር የሚያገኘው ነገር የለም። ሕግ ካልነው ክሪኩ የዋታሙ የባሕር ጥብቅ ክልል አካል ነው። ክልሉ ከ1968 ጀምሮ የተጠበቀ፣ በአፍሪካ ከመጀመሪያዎቹ የባሕር ፓርኮች አንዱ ነው። ክፍያ አለ። ግን ለመንግሥት ካዝና የሚገባ ክፍያና ለዳባሶ ልጅ ደብተር የሚገዛ ክፍያ ጥበቃው ላይ እኩል አይሠሩም። የመጀመሪያው ዘበኛ ይቀጥራል። ሁለተኛው መንደሩን ዘበኛ ያደርጋል።

የጥቅል ጉዞው ደግሞ የባሰ ነው። በረራው፣ አልጋው፣ ምሳው፣ የሽርሽሩ ጀልባ ሁሉ አውሮፓ ውስጥ ተከፍሎ አልቋል። እንግዳው ባዶ ኪሱን ይዞ ይመጣል። ጀልባ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ጉርሻ ይሰጥ ይሆናል። አንድ ሳምንት ሰንብቶ ከመንደሩ ሰው አንድ ሙዝ ሳይገዛ ሊመለስ ይችላል። ቁጥሩ «የቱሪስት ፍሰት» ተብሎ ሪፖርት ይገባል። ፈሰሰ፤ የት እንደፈሰሰ ግን አይነገርም።

ካያክ ስለ ወፎቹም የራሱ ጣጣ አለው። ሞተር የለውም፣ ዘይት አያፈስም፣ ድምፅ የለውም። ለዚህ ነው ሁሉም «ንጹሕ» የሚለው። ነገር ግን አስቡት። ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ይገለጣል፤ ወፎቹ በሺዎች ሆነው ይበተኑና ይመገባሉ። ባሕሩ ሲሞላ ምግቡ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ወፎቹ በቀረችው ጠባብ ደረቅ ቦታ ተጠጋግተው ያርፋሉ። ካያክ የሚገባው መቼ ነው? ባሕሩ ሲሞላ። የኛ ሽርሽር ከነሱ እንቅልፍ ጋር ይገጥማል ማለት ነው። ከነዚህ ወፎች ውስጥ በሚያዝያ ተነሥተው ሳይቤሪያ ድረስ የሚበሩ አሉ። ለዚያ መንገድ ስብ ያጠራቅማሉ። አንድ ሰው ለፎቶ ተጠግቶ መንጋውን ባስነሣ ቁጥር ያ ስብ ይቃጠላል። ጥሩ አስጎብኚ ርቀቱን ያውቃል፤ መቅዘፊያውን አስቀምጦ ጀልባው ብቻውን እንዲንሳፈፍ ያደርጋል። እኔ ያንን ፎቶ ልጠጋ ስል እጁን አንሥቶ አቁሞኛል። በራሱ ካያክ ያለ አስጎብኚ የሚገባውን ግን የሚያቆመው የለም።

ከዚህ ሁሉ ትልቁ ችግር ደግሞ ቱሪስት የሚባለው ሰው ሲፈራ የሚቀር መሆኑ ነው። በግንቦት 2014 ብሪታንያ ስለ ሞምባሳ የጉዞ ማስጠንቀቂያ ስታወጣ አስጎብኚ ኩባንያዎች ደንበኞቻቸውን ሰብስበው መለሱ። በ2020 በኮቪድ ሰማዩ ራሱ ተዘጋ። የሳንቃው መንገድ ደግሞ አይጠብቅም። ጨውና ፀሐይ እንጨቱን ይበላሉ፣ ሚስማሩ ይዝጋል፣ ገመዱ ይላላል። ትኬት በማይቆረጥበት ዓመት ጥገናም የለም። ሽርሽር ላይ ብቻ የቆመ ደን ከአንድ መጥፎ ዜና በኋላ ብቻውን ይቀራል።

ለዚህ ነው የጋዚ ነገር የሚገርመኝ። እዚያ ያ የሚሸት ጭቃ ተሸጧል። ሚኮኮ ፓሞጃ ይባላል፤ «ማንግሮቭ በጋራ» እንደ ማለት ነው። ከ2013 ጀምሮ 117 ሄክታር ማንግሮቭ ጠብቀው የያዘውን ካርቦን በክሬዲት መልክ፣ ማለትም ጭሱን ማካካስ የሚፈልግ ድርጅት በሚገዛው የምስክር ወረቀት፣ ይሸጣሉ፤ በዓመት 3,000 ቶን ያህል። ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል መንደርተኛው ተሰብስቦ ይወስናል። ውሃ አስገቡበት፣ ለትምህርት ቤት መጻሕፍት ገዙበት። በ2017 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አገኙ። ከዚያ በታንዛኒያ ድንበር ያለው ቫንጋ የነሱን መንገድ ተከትሎ በ460 ሄክታር ላይ ጀመረ። ጎብኚ ባይመጣም ክሬዲቱ ይሸጣል። ክሬዲቱ ቢረክስ ጎብኚ ይመጣ ይሆናል። ሁለት ኪስ ማለት ይህ ነው።

የካርቦን ንግድ ላይ ያለኝን ጥርጣሬ አልደብቅም። የሚገዛው ድርጅት ጭሱን እንዲቀጥልበት ፈቃድ የገዛ መስሎ ሊሰማው ይችላል። ዋጋውም ከጋዚ ሩቅ ባለ ጠረጴዛ ላይ ይወሰናል። ግን ቧንቧ ውሃ የገባላት ሴት ፊት ቆሜ ይህን ትችት ለመናገር ድፍረቱ የለኝም።

ወደ ሰሜን እንሂድ፤ ነገሩ እኛንም የሚነካው እዚያ ነው።

ኬንያ ካላት ወደ 61,000 ሄክታር የሚጠጋ ማንግሮቭ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ላሙ በሚባለው የሰሜን ባሕር ዳር ግዛት ውስጥ ነው። የላሙ ማንግሮቭ ግንድ ለዘመናት በመርከብ ወደ ዐረብ አገር ይጫን ነበር። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የድሮ ቤቶችን ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ ሰው ከምሥራቅ አፍሪካ የሄደ እንጨት ያያል። ኬንያ ወደ ውጭ መላኩን በ1982 ከለከለች። በመጋቢት 2012 ደግሞ ሦስት መሪዎች ላሙ ላይ ቆመው የአንድ ግዙፍ ፕሮጀክት ሥራ አስጀመሩ። የኬንያው ምዋይ ኪባኪ፣ የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር እና የኛው መለስ ዜናዊ። ፕሮጀክቱ ላፕሴት ነው። ወደብ፣ መንገድ፣ ቧንቧ፤ ላሙን ከደቡብ ሱዳንና ከኢትዮጵያ የሚያገናኝ። ስሙ ውስጥ አገራችን አለች።

ለወደቡ ባሕሩ ተቆፈረ። አሸዋው ተነሥቶ ውሃው ደፈረሰ፤ ዓሣ አጥማጆቹ የለመዱት ቦታ ተዘጋ። ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2018 የማሊንዲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት 4,600 ለሚሆኑ ዓሣ አጥማጆች 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሺሊንግ ካሣ እንዲከፈል ወሰነ። የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ በግንቦት 2021 ሥራ ጀመረ። እኛ ስለ ወደብ ቀን ከሌት የምናወራ ሕዝብ ነን። አሰብ፣ ጅቡቲ፣ በርበራ፣ ላሙ። ስለ ታሪፉና ስለ ኪሎ ሜትሩ እንከራከራለን። የወደቡ ውሃ ሥር ማን ዓሣ ያጠምድ እንደነበር ሲነሣ ግን ሰምቼ አላውቅም። የኢትዮጵያ ዕቃ በዚያ በኩል የሚገባ ከሆነ ይኼም የኛ ጉዳይ ነው።

እዚያው ላሙ ላይ የድንጋይ ከሰል የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሊሠራ ታቅዶ ነበር። ነዋሪዎቹ ተቃወሙ። በሰኔ 2019 የአገሪቱ የአካባቢ ጉዳይ ፍርድ ሸንጎ ፈቃዱን ሰረዘው። አንዱ ምክንያት ሕዝቡ በበቂ ሁኔታ አለመጠየቁ ነበር።

ሚዳ ክሪክም ተራው ደርሶታል። ኡዮምቦ የሚባለው መንደር ክሪኩ ከውቅያኖስ የሚገናኝበት አፍ አጠገብ ነው። መንግሥት 1,000 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የኒውክሌር ጣቢያ እዚያ ለመትከል አሰበ፤ በ2027 ግንባታ ለመጀመር፣ በ2034 ኃይል ለማመንጨት። ኬንያ መብራት ያስፈልጋታል፤ ይህን የሚክድ የለም። በ2024 ነዋሪው ሰልፍ ወጣ፣ ከፖሊስ ጋር ተጋጨ፣ የተጎዳም ነበር። ክርክሩ ስለ ጨረር ብቻ አልነበረም። ስለ ዓሣ፣ ስለ ጎብኚ፣ ስለ ክሪኩ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ንግግር በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ወዳለው ወደ ሲያያ ዞሯል።

የሳንቃ መንገድና ካያክ ኒውክሌር አስቀሩ ልል አይደለም። እንዲያ ያለ ነገር የሚያስቀረውም የሚያመጣውም ብዙ ነው። ግን መንደሩ ሲከራከር ቆጥሮ የሚያቀርበው ነገር ነበረው። «ውብ ነው» ከማለት ይልቅ «ከዚህ እንዲህ እናገኛለን» ማለት ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ በወንዝ ዳር የነበረ ሠፈር ሲነሣ፣ ወይም አንድ ሐይቅ ሲደርቅ ሰው የሚያጣው ይህን ነው፤ ያጣውን የሚቆጥርበት መዝገብ።

ስለዚህ እኔ ብጠየቅ፣ ለክሪኩ በር መሥራት ነው የምለው። የግንብ በር አይደለም። ካያክ ሁሉ በታወቁ ሁለት ሦስት ቦታዎች ብቻ እንዲገባ፣ እዚያም የመንደሩ ማኅበር ቁጭ ብሎ ከሆቴሉም ከግለሰቡም እኩል እንዲቀበል፣ ያለ አስጎብኚ እንዳይገባ። ወፎቹ ለመንገድ በሚዘጋጁባቸው በመጋቢትና በሚያዝያ የሚያርፉባቸው ቦታዎች ይዘጉ። ሆቴሎቹ ያጉረመርማሉ። ዋጋውም ትንሽ ይጨምራል። ይጨምር። ከሚላኖ ድረስ በርሮ የመጣ ሰው በዚህች አይመለስም።

ለመሄድ ያሰበ ካለ፣ አየር መንገዳችን ሞምባሳ ይበርራል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ነው፣ ዝናቡ ያነሰ ነው፣ ወፎቹም አሉ። ከሚያዝያ ጀምሮ ዋናው ዝናብ ይገባል። ሙሉ ጨረቃ ሲሆን ባሕሩ በደንብ ስለሚሞላ ካያኩ ማንግሮቩ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ግን በዚያው ፍጥነት ይሸሻል። ጉዞውን ከሆቴሉ ጠረጴዛ ከመግዛታችሁ በፊት ዳባሶ ወይም የሳንቃው መንገድ በር ላይ ሂዱና ጠይቁ። ገንዘቡ የት እንደሚገባም ጠይቁ። በጣቱ ቆጥሮ የሚመልስላችሁን ሰው ያዙ።

አስጎብኚው እንመለስ ሲል ተመለሱ። ጫማም አሮጌ ይሁን። የኔን ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ፤ ዛሬም በረንዳ ላይ ነው የሚያድረው።